ራሴላስ ግራና ሲገባ

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ምን እናንብብ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም አንድ ሁለት ርዕስ ወርወር አድርጌ አልፋለሁ። ዛሬ መብራት አለ፣ ኔትወርኩም ደህና ነው፣ ማርኩም ተሞልቶ አልቋል። እናም ስለ አንድ መጽሐፍ ብቻ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት።

መጽሐፉ «ራሴላስ» ነው። የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን የታተመው በ1759 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ፋንታሲ ብዬ ስጠራው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሊቆጡኝ ይችላሉ። ዘንዶ የለበትም፣ አስማተኛ የለበትም፣ በትርጉም ፊልም እንደምታዩት ከድንጋይ ውስጥ ሰይፍ የሚመዝ ጎረምሳም የለበትም። ግን በብረት በር የተዘጋ፣ የሚበላ የሚጠጣ የማይጎድልበት፣ አንዴ የገባ የማይወጣበት ሸለቆ አለ። ክንፍ ሠርቶ ሊበር የሚሞክር ሰው አለ። ዝናብና ፀሐይን የማዝዘው እኔ ነኝ የሚል ኮከብ ተመራማሪ አለ። ለእኔ ይሄ ፋንታሲ ነው፣ በቃ።

ደግሞ ሸለቆው የት ነው ብትሉኝ ጆንሰን ያስቀመጠው አማራ በሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። ልዑሉ ራሴላስም የአቢሲንያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው። ስለዚህ ፋንታሲውም የኛው ነው።

እጄ እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ይዞ እኛም ዘንድ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ያን ጊዜ የኖራችሁት ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁ ደግሞ አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናወራዋለን፣ የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ወፍጮ ቤቱ በናፍጣ እጦት ቆሞ እናቶች የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ አውጥተው ማሽላ በእጃቸው መፍጨት ጀመሩ። ደመወዝ ቀረ። ስልኬ ሞቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ቀኑ ደግሞ አልመሽ አለ።

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጎረቤት አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል። ጥቅምት ላይ የማሽላ እሸት ይዤላቸው ስሄድ ሽፋኑ የተገነጠለ ትንሽ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ ልጅ፣ ታነባለህ?» አሉኝ።

«ድሮ አነብ ነበር ጋሼ።»

«ድሮ!» ብለው ሳቁብኝ። «ድሮ የሚባለው በኔ ዕድሜ ነው። እንካ፣ የእስረኛ መጽሐፍ ነው፤ ለእስረኛ ይሆናል።»

ድሮ አነብ ነበር ያልኩት ውሸት አልነበረም። መርሳ ስማር መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ሃምሳ ሳንቲም። ሌሊቱ እንዳያልፍብን ከጓደኛዬ ጋር ሆነን አንዱ ሲተኛ አንዱ እያነበበ፣ ከዚያ ደግሞ ተራ እየተቀያየርን እናነጋ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኩራዝ ጨርሼ ለሰብለ ወንጌል አልቅሻለሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ያነበብኩት የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሌሉት ቅጂ ነው፤ እንዴት እንደሚጀምር ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ሥራ። አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ሮስተር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስታነቡ ትውላላችሁ፤ ማታ ዓይናችሁ የሚፈልገው ስልክ ላይ በጣት ገፋ የሚደረግ ነገር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት ሊሞላ ነበር፣ አንድ ልብ ወለድ ከጀመርኩበት እስከ መጨረሻው ሳልዘልቅ።

የጋሼን መጽሐፍ ገለጥ ሳደርገው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ግማሽ አንቀጽ ነው። ሦስቴ አንብቤው አልገባኝም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። በኋላ ጋሼ ሲነግሩኝ ለካ ይሄ ጆንሰን በ1755 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሰውዬ ራሱ ነው። እንግዲህ ይታያችሁ! መዝገበ ቃላት የጻፈን ሰው በመዝገበ ቃላት ማንበብ።

ጋዝ ስላልነበረ ኩራዝም የለም። የማነበው በቀን ብርሃን፣ ግፋ ቢል ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። በቀን ሦስት ገጽ፣ አንዳንዴ አራት። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነው፤ ገና ሲጀምር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ትዕግሥት አድርገህ ከተከተልከው ግን መጨረሻው ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ተሰማኝ። ጧት ስነሣ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ዛሬ ምን እንበላለን» ሳይሆን «ያ ልጅ መውጫ አገኘ ይሆን?» ሆነ። ይሄ ስሜት የት እንደነበር አስታወስኩት፤ መርሳ፣ ሃምሳ ሳንቲም ኪራይ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራሴላስ 26ኛ ዓመቱን ይዟል። በተራራ በተከበበው ሸለቆ ውስጥ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ይኖራል። ዘፋኙ፣ ምግቡ፣ የአትክልት ቦታው፣ ሁሉም ሞልቷል። እሱ ግን ከግብዣው እየተነሣ ብቻውን ይሄዳል። ፍየሎቹን አይቶ ይቀናል፤ እነሱ ሲጠግቡ ይተኛሉ፣ እኔ ስጠግብ ለምን አይበቃኝም ይላል። ከዚያ ስለ ውጭው ዓለም ማለም ይጀምራል። ሲያልም 20 ወር አለፈው። 20 ወር እንዳለፈው ሲነቃ ደግሞ፣ ከእንግዲህ ጊዜ አላባክንም ብሎ ለመወሰን ሌላ አራት ወር ፈጀ። እዚህ ቦታ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚያ ጊዜ ብቻውን የሚስቅ ሰው አይተው ጎረቤቶች ምን እንዳሰቡ እንጃ።

አንድ የእጅ ባለሙያ ክንፍ እሠራለሁ ብሎ አንድ ዓመት ይደክማል። ጠዋት ተነሥቶ ከገደል ጫፍ ሐይቁ ላይ ይዘላል፤ ዘጭ! አየር ላይ ያልረባው ክንፍ ግን ውሃው ላይ አንሳፈፈው፤ ልዑሉ በፍርሃት ግማሽ የሞተውን ሰውዬ ጎትቶ አወጣው። ጆንሰን ይህን ሁሉ ሳይስቅ ነው የሚተርከው። ወሎዬ ነው እንዴ ያስብላል።

እንግዲህ ወደ ታሪክ መምህርነቴ ልመለስ። ይህ የታጠረ ሸለቆ ከየት መጣ? ከግሸን ነው። አምባሰል የሐብሩ ጎረቤት አይደል? መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ከሰሜን የሚመጣው ተሳላሚ በመርሳ ሲያልፍ ሁላችንም እናየዋለን። ከንግሡ ክብር በፊት ግን ያ አምባ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። ሥልጣን እንዳይሻሙ የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች እዚያ ላይ ይጠበቁ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት ከእነዚህ እስረኞች አንዱ ነበሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አህመድ ጦር አምባውን እስኪይዘው ድረስ ሥርዓቱ ቀጥሏል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዚህ አገር ሲያልፍ ስለ አምባው ሰምቶ ጻፈ። ወሬው አውሮፓ ገብቶ አድጎ አድጎ ገነት ሆነ፤ ሚልተን እንኳ በ1667 በታተመው ትልቅ ግጥሙ ውስጥ የአማራን ተራራ ይጠቅሰዋል።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል፤ 1735 ነው የታተመው። ራሴላስ የሚለው ስም ራሱ ከዚያው የመጣ ነው ይባላል፤ የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ «ራስ» እና «ሥዕለ» በፈረንጅ አፍ ተጣብቀው። ከ20 ዓመት በላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲያብላላው ከርሞ ጥር 1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ወጪ ገንዘብ ስላስፈለገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው። እድር የላቸውም መሰለኝ።

እኔን የገረመኝ አምባውን ወደ ሸለቆ መለወጡ ነው። እውነተኞቹ እስረኞች ከፍታ ላይ ሆነው አገር ምድሩን ቁልቁል እያዩ ነው የታሰሩት። የጆንሰን ልዑል ግን ዙሪያውን ተራራ እያየ ነው የሚኖረው። ግራናን የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ከቆቦ ጀምሮ እስከኛ የሚወርደው ሸለቆ፣ ውሃው፣ ሽንኩርቱ፣ ማንጎው፣ ማሽላው፤ ምዕራቡን ቀና ብለህ ብታይ ተራራ። በዚያ ጥቅምት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ለንደን ሆኖ የፈጠረው ሸለቆ ከደጃፌ ይጀምር ነበር። አንዳንድ ነገር ግን ስቶታል፤ ሸለቆው ውስጥ ዝሆን አስገብቷል።

መጽሐፉን ኅዳር መጨረሻ ላይ ጨረስኩት። ለጋሼ ስመልስ «ሌላስ?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ገቡና ሦስት አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ትምህርት ቤት ስንመለስ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ነበር። በ2015 የትምህርት ዘመን ትንሽ ረጋ ሲል ረቡዕ ከሰዓት የንባብ ክበብ ጀመርን። መጽሐፍ የለም፣ ክበብ አለ። ስለዚህ ማታ ማታ ራሴላስን ምዕራፍ በምዕራፍ በአማርኛ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ረቡዕ አነብላቸዋለሁ። 14 ልጆች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ አሁን ይህን የምታነቡ አላችሁ፤ ሰላም ብያለሁ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ጭቅጭቅ ተነሣ። «ሁሉ ነገር ካለው ለምን ይወጣል?» አለች አንዷ። «እሱስ ጠግቦ ነው» አለ ሌላው። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስሙን አልጠራም። ከደጋው በኩል በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር፣ ቅዳሜና እሑድ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ጠግቦም ቢሆን በሩ ተቆልፎበታላ» አለ። ክፍሉ ዝም አለ።

ይሄው ልጅ ነው ጆንሰንን ያረመው። ምዕራፍ 13 ላይ ልዑሉና ኢምላክ የሚባለው ገጣሚ መውጫውን የሚያገኙት ከእንስሳት ተምረው ነው። ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው እንስሳት ወደ ላይ አግድም እየቆፈሩ ሲያዩ፣ እኛም ተራራውን እንዲህ እንቦርቡረው ይባባላሉ። እንግሊዝኛው «ኮኒ» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ጥንቸል አለኝ፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኮኒ ያለውን ደግሞ የአማርኛው እሽኮኮ ይለዋል። ሽኮኮ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ቲቸር፣ ሽኮኮ አይቆፍርም እኮ» አለ። «የአለት ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚኖረው።»

«እሺ፣ ጥንቸል እንበለው?»

«ጥንቸልም አይቆፍርም። ሣር ውስጥ ነው የምትተኛ። የሚቆፍር ጃርት ነው።»

እኔም ደብተሬ ላይ «ጃርት» ብዬ አስተካከልኩ። እስካሁንም ጃርት ነው የሚለው። የለንደኑ ሊቅ ለግራና እረኛ እጅ ሰጠ።

ኢምላክ የጎጃም ሰው ነው፤ ጆንሰን እንደዚያ ነው የሚለው። የሀብታም ነጋዴ ልጅ ሆኖ ንግድ ብሎ ወጥቶ ሕንድ፣ ፋርስ፣ ዓረብ፣ ፍልስጥኤም፣ ግብፅ ሲዞር ይኖራል። ብዙ ዘመን ቆይቶ በመጨረሻ አገሩ ሲገባ አባቱ ከሞቱ 14 ዓመት ሆኗቸዋል። ንብረቱን ወንድሞቹ ተካፍለው ሄደዋል። ጓደኞቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ የቀሩትም በቅጡ አላስታወሱትም። ይህን ያነበብኩ ዕለት ከ14ቱ ውስጥ ቢያንስ ስድስቱ ሳዑዲ ያለ ወንድም ወይም እህት ያላቸው ነበሩ። ማንም አልተናገረም። ያ ልጅ ብቻ «ስልክ አልነበረም አይደል ያኔ?» አለ። «አልነበረም» አልኩት። «ለዚያ ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ። በመላ አገሪቱ ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ። ያንን ቁጥር እኛ አስተማሪዎች በስብሰባ ነው የተወያየንበት፤ ልጆቹ ግን በሌላ ቋንቋ ነው ያነበቡት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በዕረፍት ሰዓት ወሬው ሁሉ መንገድ ነው፤ አፋር፣ ጅቡቲ፣ ባሕሩ፣ የመን፣ ከዚያ ወዲያ ሳዑዲ። ደላላው ስንት ይቀበላል፣ ማን ደረሰ፣ ማን ደረሰ አልተባለም።

ምዕራፍ 15 ላይ ልዑሉ፣ እህቱ ነካያ፣ ጓደኛዋ ጰቋህና ኢምላክ በቆፈሩት ዋሻ ሸለቆውን ለቀው ይወጣሉ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ልዕልቲቱ ዙሪያዋን ስታይ ከለላ የሌለው ሜዳ ያስፈራታል፣ መሬቱ ሰፍቶ የሚውጣት ይመስላታል። እዚያ ላይ ክበባችን ቆመ። መጀመሪያ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ፤ 2016 ሲመጣ ደግሞ ነገሩ እንደገና ተበላሸና ትምህርቱ ራሱ የሚቆራረጥ ሆነ። ልጁ ደብተሬን ሊገለብጠው ተውሶኝ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቱ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቲቸር፣ አመሰግናለሁ በልልኝ ብሏል» አለችኝ። የት እንዳለ አልጠየቅኋትም፤ ጫማዋን እያየች ነበር የምታወራኝ።

ስምንት ወር ምንም አልተሰማም። እናቱን ገበያ ላይ ሳገኛቸው ከሰላምታ በፊት ፊቴን ነው የሚያነቡት፤ የሰማሁት ነገር ካለ ብለው።

ከዚያ አንድ ማታ በኢሞ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እሱ ነው። ድምፁ ጎርንኗል። ስለ ጤናው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ስለ መንገዱ ትንሽ ነገረኝ፤ እሱ የነገረኝ የሱ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ሳዑዲ ውስጥ አንድ ተራራማ አገር ፍየል ይጠብቃል። ከግራና ፍየል ወጥቶ የሳዑዲ ፍየል። ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የሳቀው። ሊዘጋ ሲል፦

«ቲቸር፣ ከሸለቆው ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። «እነማን?»

«እነ ራሴላስ።»

በስልክ ጨርሼ ልነግረው እችል ነበር፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ካይሮ ገቡ፣ ደስተኛ ሰው ፈለጉ፣ አላገኙም፣ አለቀ። ግን መጽሐፍ እንዲህ አይነገርም። «በድምፅ እየቀዳሁ እልክልሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ጀምሮ ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር አንድ ምዕራፍ አነብና እልካለሁ። እሱ ፍየሎቹን በረት አስገብቶ ማታ ይሰማል፤ አስተያየቱን በድምፅ ይመልስልኛል። ምን ልበላችሁ፣ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የማይሰማ ትችት ነው።

ምዕራፍ 18 ላይ ስሜትን በአእምሮ ስለ መግዛት የሚያስተምር ጠቢብ አለ፤ ልዑሉ ተማርኮበት በሌላ ቀን ሲመለስ ሰውዬው ልጁ በትኩሳት ሞታበት በጨለማ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ያ ሁሉ ትምህርት አልጠቀመውም። የልጁ መልስ፦ «ይሄ ሰውዬ ውሸታም አይደለም ቲቸር። ሲያስተምር ልጁ አልሞተችም ነበር።» እኔ ዓመቱን ሙሉ ሰውዬውን እንደ ግብዝ ነበር የማነበው።

ምዕራፍ 19 ደግሞ የእረኞች ነው። ልዕልቲቱ በመጽሐፍ የሰማችው የእረኛ ሕይወት ደስታ ነው ብላ ልታይ ትሄዳለች፤ የምታገኘው ለሀብታም የሚለፉ፣ ልባቸው የመረረ ሰዎች ነው። ይህን ስልክለት ፈራሁ። በማግስቱ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ድምፅ መጣ። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሳቅ ብቻ ነው። ከጀርባ የፍየል ደወል ይሰማል። «እሷንማ እኔ ጋ አምጡልኝ፣ አንድ ሳምንት ትጠብቅልኝ» ይላል።

እናቱ ድምፁን ይሰሙ ብዬ ቤታቸው ሄጄ አስደምጫቸው ነበር። ሦስቴ አስደገሙኝ። ሳቁን ነው የሚፈልጉት፤ ሌላውን አልሰሙትም። ከዚያ ሻይ እየቀዱ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ የሚያነቡለት ታሪክ መጨረሻው ምንድን ነው?»

የመጨረሻው ምዕራፍ፣ 49ኛው፣ ርዕሱ ራሱ ምንም የማይደመደምበት መደምደሚያ የሚል ዓይነት ነው። አባይ ሞልቶ ካይሮ ቤት ውስጥ ተዘግተው ይቀመጣሉ። ጰቋህ ገዳም መግባት ትመኛለች፣ ነካያ የሴቶች ኮሌጅ መክፈት፣ ራሴላስ በትክክል የሚያስተዳድራት ትንሽ ግዛት። የትኛውም እንደማይሆን ያውቃሉ። ውሃው ሲጎድል ወደ አቢሲንያ ሊመለሱ ይስማማሉ።

«ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይወስናሉ» አልኳቸው።

«መቼ ገቡ?»

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።»

ብርጭቆውን እጄ ላይ አስቀመጡና «ኢንሻአላህ» አሉ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ለልጃቸው ይሁን ለልዑሉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ራሴላስ በአማርኛ አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ተርጉመውት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ታትሟል። እስካሁን የምልከው የራሴን የደብተር ትርጉም ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ እንግሊዝኛው አሸንፎኝ ቆሜያለሁ፣ በተለይ ወደፊት የሚመጣው የኮከብ ተመራማሪው ምዕራፍ ያስፈራኛል። ዝናብ አዛዥ ነኝ ብሎ ለአምስት ዓመት ብቻውን የተጨነቀን ሰው ያለ ጥሩ አማርኛ ማንበብ አልፈልግም። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ወይም ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ በአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የድሮ መጽሐፍ ያለባችሁ፣ እስቲ ፈልጉልኝ። መግዛትም እችላለሁ፤ የማይሸጥ ከሆነ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ጥራቱ እንዲታይ ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን።

ትናንት ማታ ምዕራፍ 21ን ልኬያለሁ፤ ብቸኝነት ሰልችቶት ወደ ከተማ የሚመለሰው መናኝ። 28 ይቀሩናል። አልቸኩልም፣ እሱም አላስቸኮለኝም።